የተቀደደችው የመጀመሪያ ገጽ

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ከመካኒሳ ወደ ጎፋ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጠ። ጥቁር መነጽር አድርጓል፤ ከዘራውን በጉልበቶቹ መሀል አቁሞ በሁለት እጁ ጨብጦታል፤ የኮቱ እጅጌ ጫፍ ተበልቷል። ትንሽ እንደሄድን ፊቱን ወደ እኔ አዞረና፣ «እህቴ፣ ዓይኔን ሞራ ጋርዶኝ የስልኬን ሰዓት አላየውም። ስንት ሰዓት ሆነ? ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ» አለኝ። መልኩን አላወቅኩትም ነበር፤ ድምፁን ግን አወቅኩት። የሰው ሁለመናው ሲያረጅ ድምፁ ወደ ኋላ ይቀራል መሰለኝ። በዚህ ዓለም ላይ እኔን ሰዓት ሊጠይቅ የማይገባው አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነው። የእጅ ሰዓቴን አየሁ፤ ሦስት ሰዓት ነበር። መልሱን እስክሰጠው አርባ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ሄጄ ተመለስኩ።

ዶክተር አስራደ ይባላል። በደርግ ጊዜ የምሠራበት የከብት ምርምር ጣቢያ ኃላፊ ነበር። ያኔ ፊቱ ስቆም «ጓድ ዶክተር» እለው ነበር፣ «እርስዎ» እለው ነበር። በሆዴ ግን አንተ ማለት ከጀመርኩ ብዙ ዘመን ሆኖኛል፤ እዚህም አንቱ አልለውም። ዕድሜውን አክብሪ የሚለኝ ካለ፣ እኔም አርጅቻለሁ።

ጣቢያችን የነበረበትን ቦታ ዛሬ ብታዩት አታምኑም። አሁን ፎቅ በፎቅ ላይ ሆኖ ልብስ የሚሰጣበት ሜዳ፣ ያኔ እስከ ወንዙ ድረስ ሣር ነበር። አውቶቡሱ ነፋስ ስልክ ያወርደኛል፤ ታሪፉ አሥራ አምስት ሳንቲም ነው። ከማዕዘኗ ሱቅ አንዲት ትኩስ ፓስቲ በአሥር ሳንቲም እገዛና ዘይቱ በጋዜጣው እየሰረገ ጣቴን ሲያቃጥለኝ፣ ጭቃውን እየዘለልኩ ወደ መካኒሳ በእግሬ እወርዳለሁ። አንዲት ቡና ዓይነት ክሪምፕሊን ጉርድ ነበረችኝ፤ ታጥባ የማትተኮስ፣ ለብሳችሁት ከላም ሆድ ሥር ብትገቡ እንኳ ቀጥ ብላ የምትወጣ። ከላይ የመንግሥት ካፖርት፣ ከታች ቦቲ ጫማ። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ከጠዋት ጀምሮ የኪነት ጓዶችን ዘፈን ይለቃል፤ ዜማው ሁሉ ሰልፍ ነው፣ ሳታውቁት እግራችሁ ይመታል። በረቱ ጋ ስትደርሱ ዘፈኑ ይርቅና የፋጉሎና የፉርሽካ ሽታ ይቀበላችኋል። እስከ ዛሬ የከብት መኖ የሚሸጥበት ሱቅ ደጃፍ ሳልፍ እግሬ ይያዛል። ያ ሽታ ወጣትነቴ ነው፤ ደስ የሚለኝም የሚያናድደኝም በአንድ ላይ ነው።

ሥራዬ ሲነገር ሰው ያስቅ ነበር። ላም ለምን አታረግዝም የሚለውን ነበር የማጠናው። የኮርማ ዘር ከሩቅ አገር በቀጭን ቀሰም ተሞልቶ፣ ክዳኑ ሲከፈት ጭስ በሚያወጣ የቅዝቃዜ ዕቃ ይመጣል። አዳቃዩ ያን በሞተር ብስክሌት ጭኖ የሰፈሩን ገበሬ ላሞች ያዳቅላል። ዘሩ ደህና ነው፣ ላሚቱ ጤነኛ ናት፣ ጽንስ ግን አትይዝም። ሌሎቹ መኖውን ይመረምሩ ነበር፤ እኔ ግን ነገሩ የሰዓት ጉዳይ ነው ብዬ ተነሳሁ። ላም ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜ አጭር ነው፤ ያ ሰዓት ካመለጠ ዘሩ ከንቱ ነው። የቀበሌ ሴቶች «ወይንሸት የላም አዋላጅ» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

ሰዓቱን ያስተማረኝ የዩኒቨርሲቲ መምህር አይደለም፤ አዴ ጫልቱ ናት። ከአጥራችን ማዶ ከአያት ከቅድመ አያቷ ጀምሮ የሚያርሱት መሬት ላይ የምትኖር ባልቴት ነበረች። ቡሬ የምትባል አንዲት ክልስ ላም ነበረቻት፤ ጥቁርና ነጭ፣ ዓይኗ ትልልቅ። በቡሬ ወተት አራት የልጅ ልጆች ታሳድግ ነበር። አንድ ቀን አጥሩ ላይ ተደግፋ ስሠራ ስታየኝ ቆየችና፣ «ልጄ፣ አንቺ ምልክቱን በቀን ነው የምትፈልጊው። ላም እኮ ዓይን አፋር ናት። ጎህ ሲቀድ፣ ከበረት ሳትወጣ ነው የምትናገረው። ፀሐይ ከወጣ ዝም ትላለች» አለችኝ።

ይህን ማንም አላየም፤ ሊያይም አይችልም ነበር። ዘመኑ የሰዓት እላፊ ነው፤ ጎህ ሲቀድ ሁሉም ቤቱ ተቆልፎበታል። እኔ ግን ከዘበኛው ጋር ተስማምቼ በረቱ አጠገብ ባለች ክፍል፣ የጆንያ ፍራሽ ላይ እያደርኩ አራት ዓመት ጎህን ጠበቅኩ። አዴ ጫልቱ ትክክል ነበረች። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ አንዷ ትጮኻለች፣ አንዷ በአንዷ ላይ ትወጣለች፣ አሥራ ሁለት ተኩል ሲሆን እንዳልነበረ ይሆናል። ያቺው ላም የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ስትዳቀል ትይዛለች። ይህን ሁሉ ጥቁር ጀርባ ባለው ወፍራም ደብተር ላይ ጻፍኩ። ውስጡን እንደተማርኩት በእንግሊዝኛ ነበር የምሞላው፤ ሰዓቱን ግን አላቢዎቹ መግቢያ መውጫቸውን ከሚያዩበት፣ በረቱ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ሰዓት፣ «ሌሊት 11»፣ «ቀን 10:30» እያልኩ ነበር የምገለብጠው። ስለዚህ የመጀመሪያዋ ገጽ ላይ ስሜን ከጻፍኩ በኋላ ከሥሩ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ በዚህ ደብተር ያለው ሰዓት ሁሉ የአገራችን ሰዓት ነው።

ዶክተር አስራደ ውጭ አገር ረጅም ዘመን ተምሮ የመጣ ሰው ነበር። የእጅ ሰዓቱን በፈረንጅ ነበር የሚሞላው፤ ስብሰባ «በስምንት ሰዓት» ብሎ ጠርቶን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ባዶ አዳራሽ ሲያገኝ እኛን ነበር የሚቆጣው። ጫማው ሁልጊዜ ያበራል። የሚያበራበትም ምክንያት በረት ገብቶ ስለማያውቅ ነው። አንድ ቀን ደብተሬን «ለሪፖርት ነው፣ ሰሞኑን እመልስልሻለሁ» ብሎ ወሰደው። ሰሞኑ ወራት ሆነ። በጥናቱ ለከፍተኛ ትምህርት እንደምላክ ተነግሮኝ ስለነበር፣ ስሜን አሳምሮ ሊያቀርብልኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ሞኝ ነበርኩ።

ከዚያ ታይፒስቷ፣ ባልንጀራዬ ነበረች፣ አንድ ቀን ለምሳ ስንወጣ እጄን ይዛ ወደ ክፍሏ መለሰችኝ። ጠረጴዛዋ ላይ ደብተሬ አለ፤ አጠገቡ የተተየበ ጽሑፍ። ጽሑፉ ላይ አንድ ስም ብቻ ነው ያለው፤ የሱ ስም። ደብተሬን ገለጥኩት። የመጀመሪያዋ ገጽ የለችም። ስሜን ለማጥፋት ቀዷታል፤ የተቦጫጨቀው ጠርዟ ብቻ ስፌቱ ላይ ቀርቷል። እንባዬ መጣ፤ ግን ሠንጠረዡን ሳየው እንባዬ ቆመ። ከስሜ ጋር ያቺን አንዲት መስመርም ቀዷታል። ሰዓቱን ሁሉ እንደለመደው በፈረንጅ አንብቦታል። ጎህ ሲቀድ አሥራ አንድ ሰዓት ያልኩት፣ በሱ እጅ ሰው ሁሉ የተኛበት አምስት ሰዓት ሆኗል። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ተኩል አዳቅሉ ያልኩት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል አዳቅሉ ሆኗል። በረት አንድ ቀን እንኳ ያደረ ሰው ይህን አይሳሳትም።

አሁን የምናገረውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። በዚያ ሰዓት እንኳ ልነግረው ነው የተነሳሁት። ሌባ ቢሆንም ሥራው የኔ ነው፤ የወለድኩት ነገር ተጣሞ ሲወጣ ማየት አልቻልኩም። ጽሑፉን ይዤ ቢሮው ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጣ እንግዳ አለ። አንኳኳሁ። አየኝና ድምፁን እንኳ ዝቅ ሳያደርግ ለእንግዳው፣ «ይህቺ መሲና ደግሞ ምን ፈልጋ ነው?» አለው። ተሳሳቁ።

መሲና የምትባለው ሳትወልድ የምትደልብ ላም ናት፤ ወተት የላትም፣ ጥጃ የላትም፣ መጨረሻዋ ቄራ ነው። ባለቤቴ ወደ ሰሜን ዘምቶ ከቀረ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ስድስት ዓመት አብረን ኖረን ልጅ አልሰጠንም፤ ይህን ጣቢያው ሁሉ ያውቃል። አፌን ከፍቼ ነበር፤ ሰዓቱ ተሳስቷል ልል። ዘጋሁት። «ምንም አይደለም ጓድ ዶክተር፣ ኋላ እመለሳለሁ» አልኩና ወጣሁ። አልተመለስኩም። ፈርቼ ነው ብዬ ራሴን ባታልል ዘመኑ ይመቸኝ ነበር፤ ያኔ ዝም ያለ ሁሉ ፈርቶ ነው ይባላል። እኔ አልፈራሁም። ዝምታዬን እንደ ጥሩ ቢላዋ ስዬ አስቀመጥኩት።

ጽሑፉ ወጣ። ሰውዬው ተጨበጨበለት፣ ነጭ ላዳ ተሰጠው፣ የውጭ ጉዞውንም ራሱ ሄደ። እኔ ወደ መኖ መጋዘን ተዛወርኩ። ሲመለስ የውጭ እንግዶች አስከትሎ መጣ፤ አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ቆሎዬን እየቆረጠምኩ አየሁት። አንድ ነጭ ጢም ያለው እንግዳ ጽሑፉን እያገላበጠ፣ «ላሞቻችሁ እኩለ ሌሊት ካለፈ በሠላሳ ደቂቃ ይታለባሉ ይላል። በከተማችሁ ሰዓት እላፊ አለ አይደል? አላቢዎቹ በምን ቤታቸው ይገባሉ?» ብሎ ጠየቀ። ሰዓት እላፊው ሲያልቅ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል የምንለው የአለባ ሰዓትም ተገልብጧል! «አሁን ነቃ» ብዬ ስጠብቅ፣ ሰውዬው ደረቱን ነፋ አድርጎ፣ «የኛ ሠራተኞች ለአብዮቱ ሌት ተቀን ይሠራሉ!» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨበጨብኩ። እጄ እስኪቀላ ነው ያጨበጨብኩት። እንግዶቹ በቆዩበት ሳምንት ላሞቹ በእውነትም በዚያ ሰዓት እንዲታለቡ ታዘዘ፤ አላቢዎቹ መጋዘን ውስጥ እያደሩ፣ ከእንቅልፍ የተነሱት ላሞች ባልዲውን እየረገጡ ሳምንቱ አለፈ። ላሞቹ ውይይት ክበብ ገብተው አያውቁም።

ከዚያ መመሪያው ወጣ። በየገበሬ ማኅበሩ ተነበበ፦ ማዳቀል ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ብቻ። ዘበኛው ላሞችን ከምሽቱ አምስት ሰዓት እንዲመለከት ታዘዘ፤ ተኝተው ሲያመነዥጉ እያየ «ምንም የለም» ብሎ ይፈርማል። በደጉ ሰዓት ማንም አያያቸውም። ላሞቹ ይዳቀላሉ፣ አይዙም፤ እንደገና ይዳቀላሉ፣ አይዙም። በየወሩ ጥጃ በታጣ ቁጥር ልቤ ቅቤ ይጠጣ ነበር። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እስማለሁ፤ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የሚለውን ሳስብ ግን ቶሎ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።

አዴ ጫልቱ ቡሬን ሁለት ጊዜ በአራት ሰዓት ተኩል አቀረበቻት። ሁለቱንም አልያዘችም። ከሦስተኛው በፊት ወደ መጋዘኑ መጣች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር የለበሰችው፣ ለቅሶ ያለባት ይመስል። «ልጄ ወይንሸት፣ ይሄ ሰዓት ልክ አይደለም። እኔ እንዲህ አላልኩሽም። አዳቃዩን ከሰዓት ና ብዬ ለመንኩት፤ መመሪያ ነው አለኝ። አንቺ ትክክለኛውን ታውቂያለሽ አይደል?» አለችኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ አዴ» አልኳት። «ከላይ የመጣ ነው።»

ዓይኔን አየችኝ። ነጠላዋን ሰብስባ ሄደች። ለአዳቃዩ በጆሮው አንድ ቃል ብነግረው ይበቃ ነበር። ግን አዳቃዩ ካወቀ ጣቢያው ያውቃል፤ ጣቢያው ካወቀ ዶክተር አስራደ ይድናል። በሦስተኛውም ጊዜ አልያዘችም። ወተቷ ነጠፈ፣ ሰውነቷ ደለበ፤ በክረምቱ መውጫ የቄራ ነጋዴ መጥቶ በመሲና ዋጋ ወሰዳት። አጥሩ ጋ ቆሜ አየሁ። ቡሬ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ዞራ ጮኸች። አዴ ጫልቱ ገመዱን ለሰውዬው ሰጥታ ወደ ቤቷ ገባች፤ ወደ እኔ አልተመለከተችም። በቡሬ ቦታ ሌላ ላም አልመጣም፤ የልጅ ልጆቿ በየዘመዱ ተበተኑ። ይህንንም ጥፋት አንስቼ በሱ ላይ ጫንኩት፤ ጀርባው ሰፊ ነው፣ ይችለዋል አልኩ።

የሱም ቀን ደረሰ። ጥጃ በሪፖርት አይወለድም። ዕቅዱ ሲከሽፍ ትልቅ ግምገማ ተጠራ። ዶክተር አስራደ ቆሞ በገበሬዎቹ አሳበበ፤ ኋላ ቀር አመለካከት ነው አለ። አንድ አርሶ አደር እጁን አውጥቶ፣ «ጓድ፣ ላሞቻችን እርስዎ ሳይመጡ ይወልዱ ነበር» ሲል አዳራሹ ሳቀ። እዚያ ውስጥ ያን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚፈታ ሰው ከኋላ ወንበር ተቀምጧል፤ እሱ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ዞሮ አልጠየቀኝም። ላዳውን አስረከበ፣ ወደ ሩቅ ቆላ ጣቢያ ተላከ። የሄደ ቀን ፓስቲ ሁለት ገዛሁ፤ ሁለቱንም እኔው በላሁ። ለተተካው ኃላፊ በሳምንቱ ሄጄ ሰዓቱን ነገርኩት። በቀጣዩ ዓመት የመካኒሳ ሜዳ በጥጃ ተሞላ። ስሜ ግን እስከ ዛሬ የትም የለም፤ እስከ ጡረታዬ ሠራሁ፣ ያ ጽሑፍ ግን አሁንም የሱ ነው።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ማክሰኞ ዕለት አጠገቤ ተቀምጦ ሰዓት የጠየቀኝ።

«ዘጠኝ» አልኩት።

«ዘጠኝ? ኧረ ተይ እህቴ፣ አሁን ቁርሴን በልቼ መውጣቴ ነው!»

«በእርስዎ ሰዓት ነው የነገርኩዎ። ደብተሬን ባነበቡበት ሰዓት።»

ጥቁሩ መነጽር ወደ እኔ ዞረ። ይህችን ሰዓት አርባ ዓመት ሙሉ በልቤ ስሠራት ኖሬያለሁ፤ ምን እንደሚል፣ እንዴት እንደሚደነግጥ፣ ምን ብዬ እንደምጨርሰው።

«ወይንሸት» አለ።

«የመጀመሪያዋን ገጽ ባይቀዷት ኖሮ የአገራችን ሰዓት መሆኑ ተጽፎልዎ ነበር። ለአንድ ሰው ስም ብለው ራስዎን ቀደዱ» አልኩት። ከፊታችን ያሉት ተሳፋሪዎች ዞረው አዩን። ግድ አልሰጠኝም።

«ቀድጃለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ሰርቄሻለሁ፤ አልክድም። የተናገርኩብሽንም አልረሳሁም። ስለ ሰዓቱ ያወቅኩት ግን ቆላ ከወረድኩ በኋላ ነው፤ አንድ ጠዋት በረት ገብቼ። የዚያን ቀን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ያቺ የአጥር ጎረቤታችን ባልቴት ላሟን ሲወስዱባት በቢሮዬ መስኮት አይቼ ነበር። አንቺ አጥሩ ጋ ቆመሽ ነበር። ወይንሸት፣ እኔ ሰዓቱን አላውቅም ነበር። አንቺ ታውቂ ነበር።»

«ወራጅ አለ!» ብዬ ጮኽኩ። ጎፋ ሳንደርስ ወረድኩ፤ ቀሪውን መንገድ በእግሬ ሄድኩት፣ ጉልበቴ እያመመኝ። ደብተሬን በመስረቁ ምናልባት ነፍሴ ስትወጣ እምረው ይሆናል። ያን ማክሰኞ እውነት በመናገሩ ግን አልምረውም።